አክስቴ ያልተሸከመችው ድንጋይ

አራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት እስቴ፣ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። አገሩ ሁሉ የባንክ ነገረ ፈጅ እንደምሆን ወስኖልኝ ነበር። "ለድሃ ነው የምቆመው" ስላቸው "ለድሃ ቆሞ ማን በላ?" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ሐሳቤን አልቀይርም።

ያን ሰሞን የአክስቴ ነገር መንደሩን አምሶታል። ባሏ ሲሞት ወንድሙ "ሴት በሬ ጠምዳ አታርስ" ብሎ የገብስ ማሳዋን ገብቶ አረሰባት። እሷም ማንንም ሳታማክር የወረዳው ከተማ መካነ ኢየሱስ፣ ፍርድ ቤት ሄዳ ከሰሰችው። ቀጠሮው ሰኞ ሊሆን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጥድ ሥር ሰበሰቡን። ሰብሳቢው ቄሱ አባቴ፣ የገዛ ወንድሟ ነበሩ። የባሏን ወንድም ፍርድ ቤት ገትራ ቤተሰብ አዋርዳለችና ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ክሱንም ታንሣ ተባለ። ስለ ማሳው ትንፍሽ ያለ የለም።

ደሜ ፈላ። የተቀማችውም እሷ፣ ድንጋይ ተሸካሚዋም እሷ! አክስቴ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ድንጋዩ ጎንበስ ስትል አላስችል አለኝ።

"በሕግ አምላክ!" ብዬ ጮህሁ።

ይህ ቃል በእኛ አገር ዱላ ያነሣውን ሰው እንኳ ባለበት ያቆማል። ሽማግሌዎቹም ክው አሉ።

"በእኛ ላይ? በአባትሽ ላይ?" አሉ አንዱ።

"በማንም ላይ። ዕርቅ ጠልቼ አይደለም፣ አባቶቼ። መጀመሪያ መሬቷን ይልቀቅላት። የተቀማ ሰው ይቅርታ ይጠይቅ የሚለው የትኛው መጽሐፍ ነው?"

የባሏ ወንድም ብድግ አለ። "ለካ ይች ናት የምትቆሰቁሳት!"

አክስቴ ቀና አለች።

"እኔን የቆሰቆሰኝ ርሃብ ነው" አለችው። "ነገ ችሎት አለኝ። ማሳዬን ስትለቅ ያን ጊዜ እንታረቃለን።"

ድንጋዩን እዚያው ትታ ወጣች። እኔም ተከተልኋት።

አባቴ ከኋላዬ ወደ ቤት መጡ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ለዚህ ነው ያስተማርሁሽ? በሰው ፊት ልታዋርጅኝ?"

ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። እወዳቸዋለሁ፤ አንጀቴን በሉት። አንገቴን ግን አልደፋሁም።

"እርስዎ ለምን እንዳስተማሩኝ እርስዎ ያውቃሉ፣ አባባ። እኔ የተማርሁት ለዚህ ነው። ነገ አብሬያት ችሎት እገባለሁ።"