ከቦኖው ወደ ግራ

ልጄ ሜሮን ባለፈው ሳምንት ለሥራ ሐረር ደርሳ ስትመለስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አመጣችልኝ። በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ በጥንቱ ከተማ፣ ለእግረኛ የተመረጠ ቀላል መንገድ ነው። ከዚህ በር ይግቡ፣ እዚህ ጋ ይታጠፉ፣ ለሽማግሌም አያደክምም ይላል። «አባዬ፣ በሚቀጥለው አብረን እንሄዳለን» አለችና፣ ዓይኔ ስለደከመ ታነብልኝ ጀመር።

«በጠባቡ መንገድ ላይ ሴቶች ተቀምጠው ቢያገኙ አይመለሱ። ሰላም ብለው ይለፉ፤ ቦታ ይለቁልዎታል።»

እዚህ ላይ በቃሽ አልኳት።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀም ወደ ሐረር ነበር የሚሄደው። ጋሼ ነበር የምለው። አንድ ዓመት እዚያ አስተምሯል። አዲስ አበባ፣ ጠመንጃ ያዥ የሚባለው ሰፈራችን መንገዱ ጠባብ፣ አጥሩ የተጣበቀ ነበርና «የእኛ ሰፈር እኮ ትንሹ ጀጎል ነው» ይለኝ ነበር። እኔ ጀጎልን አይቼው አላውቅም። እስከ ዛሬም።

በደርግ ጊዜ ነው። ስሙ ከሚፈለጉት ጋር እንደተጻፈ ሰማን። አሥራ አንድ ቀን ጓዳ ውስጥ፣ ከጤፉ ጆንያ ጀርባ ተቀመጠ። ጎረቤታችን ጋሽ ነስሩ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ጨርቅ ይነግዳሉ። የወንድማቸውን ልጅ የከማልን መታወቂያ ሰጡት፤ ፎቶው ደብዝዟል። ነጭ ቆባቸውንም ሰጡት። የሚያውቁት፣ ወደ ሐረር የሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር ከልደታ ማርያም በታች፣ አስፋልቱ ዳር፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይጠብቀዋል። እናቴ ማተቡን እንዲበጥስ ግን እሺ አላለችም። ስለዚህ የሸሚዙን ኮሌታ እስከ ጉሮሮው ቆለፈው።

ቀኑን የመረጠው እሱ ነው። ግንቦት ልደታ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ውጭ ነው፤ ጎረቤት ንፍሮውን ይዞ ደጅ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ተቀምጦ አብሮ ይበላል። መንገዱን በደብተር ወረቀት ሣለልኝ። ከቦኖ ውሃው ወደ ግራ። ከአናጢው ቤት ወደ ቀኝ። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ቁልቁል። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔ ከፊት እሄዳለሁ፣ እሱ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተለኛል።

«ምንም ብታይ መንገዱን አትቀይር» አለኝ።

«ውሻ ቢኖርስ?»

«ውሻውን ሰላም በለውና እለፍ።»

ሳቅን። ከእሱ ጋር የሳቅሁት መጨረሻዬ ነው። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ማለዳ ወጥታ ስለተመለሰች ነጠላዋ ጫፉ ረጥቦ ነበር።

ሌሊት ዘንቦ መሬቱ ያዳልጣል። በየደጁ የተቀቀለ ስንዴና ሽምብራ ይሸታል። ቦኖው ጋ ስደርስ ወደ ግራ አየሁ። ሰባት ስምንት የሚሆኑ የሰፈራችን ሴቶች መንገዱን ከአጥር እስከ አጥር ዘግተው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ንፍሮውን መሐል አድርገው ተቀምጠዋል። ከመሐላቸው እትዬ በላይነሽ አሉ። ጋሼን ሲወለድ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ቆብ አያታልላቸውም። «ደሬ፣ ና ቅመስ» ብለው ቢጣሩስ? አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ አሰብኩ ብዬ ነው። ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ወደ ሰፊው መንገድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር። በበዓሉ ሰው መሐል እንጠፋለን አልኩ።

እሱም ተከተለኝ። ምን ያድርግ።

በሩ ጋ ከበሮ ይሰማል። እኔ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ አማተብኩ። ሁልጊዜ የማደርገው ነው። ዞር ስል ጋሼ ቆቡን አውልቆ፣ ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ ግንቡን እየተሳለመ ነው። እናታችን ከሕፃንነታችን ያስለመደችን ነው፤ በዚያ በር ባርኔጣ አድርጎ አይታለፍም።

ሁለት የታጠቁ ጥበቃዎች ቆመው ነበር። አንዱ ጠራው።

«አንተ ባለቆቡ፣ ና እስቲ። ማን ነህ?»

«ከማል።»

«ከማል ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ልደታን የሚሳለመው?»

ጓደኛው ሳቀ። «ተወው ባክህ፣ ስለት ይኖርበታል።»

«አዎ» አለ ጋሼ፤ «እናቴ ታማ ተስዬ ነው።»

የመጀመሪያውም ፈገግ አለ። መታወቂያውን አይቶ ሊመልስለት እጁን ዘረጋ። አለፈ አልኩ። ከዚያ እጁ አየር ላይ ቆመ።

«ኮሌታህን ክፈታት እስቲ።»

ጥቁሩ ክር ታየ።

«ከማን ጋር ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።» የጋሼ ዓይን በእኔ ላይ አለፈ፤ የመብራት እንጨት እንደሚያይ ሰው። ወሰዱት። ቆቡ ጭቃው ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም፤ የት እንደጣሉትም አላወቅንም።

ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። እትዬ በላይነሽ ወንፊት ልዋስ ብለው መጡ። እናቴ ወንፊቱን ልታመጣ ስትገባ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ከቦኖው ምን መለሳችሁ?»

«አይታችሁን ነበር?»

«አየናችሁ እንጂ። እናትህ ማለዳ መጥታ ነግራን አይደል እዚያ የተቀመጥነው። ጥበቃ ቢመጣ የልደታን ንፍሮ አትረግጡም ብለን ልናቆመው። ለእናንተማ እግራችንን ሰብስበን…» አልጨረሱትም። እናቴ ወንፊቱን ይዛ ወጣች።

ጋሼ ይህን ያውቅ ነበር? ብዙ ያወቀ ብዙ ያወጣል ብለው ለእኔ ሳይነግሩኝ ቀርተው ይሆናል። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስለ መንገዱ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ግን በየዓመቱ ግንቦት ልደታ፣ ደጅ ስንቀመጥ፣ የመጀመሪያውን እፍኝ ንፍሮ የምትዘግነው ለእኔ ነበር። እጄን ይዛ፣ ጣቶቼን ራሷ ታጥፍልኝ ነበር።

አሁን ቦኖውም የለ፣ የአናጢው ቤትም የለ። ፎቅ ነው። ያ መንገድ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ወደ ግራ እታጠፍበታለሁ።

«አባዬ፣ ምነው? ደከመህ?» አለች ሜሮን።

«አልደከመኝም። ያችን ስለ ሴቶቹ የምትለውን እንደገና አንብቢልኝ።»

አነበበችልኝ። እሺ፣ እሄዳለሁ አልኳት። ተቀምጠው ካገኘኋቸው ሰላም ብዬ አልፋለሁ።