ለቅሶ ላይ ያደረግኩት የዓይን ጠብታ

ዛሬ መርሳ ከተማ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ለቅሶ ላይ ጉንጬን ያራሰው እንባ ከፋርማሲ የተገዛ ነው።

ዓይኔ ይደርቃል። ወልድያ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ስለምውል ነው ብሎኛል ሐኪሙ። በቀን አራቴ ጠብታ፣ በየመሀሉ ደግሞ ማርገብገብ። (ማርገብገብም በሐኪም ትእዛዝ ሆነ።)

ድንኳኑ ውስጥ ሰዓቱ ደረሰብኝና ዞር ብዬ ጠብ አደረግኩ። ተርፎ ወረደ።

የአክስቴ ጎረቤት እመት ዘሃራ አይተው እጄን ያዙኝ። «ሰብር አድርግ ልጄ፣ አላህ ያለው ነው።» በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

መድኃኒት ነው ማለት አቃተኝ።

ከሞተች ጀምሮ ምንም አልተሰማኝም። ዓይኔ ለምን እንደደረቀ ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ይኼኛውን ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

እናንተስ፣ እንባ እምቢ ብሏችሁ ያውቃል? በስንተኛው ቀን መጣላችሁ?