የሰንፊሽ ዕቁብ

ዕቁብ የሚጣለው በገንዘብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በዓሣም ይጣላል። እኛ አራት ሰዎች ጥለናል።

ከምንኖርበት ከሴንት ፖል ከተማ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ አንድ መለስተኛ ሐይቅ አለ። ጀልባ ያለው በጀልባው ይገባል፤ የሌለው ከዳር ቆሞ መንጠቆውን ይወረውራል። እኛ ዳር ቋሚዎች ነን። አንደኛው ሜፕልዉድ የሚኖር የጅማ ሰው ነው፤ ትልቅ መኪና ይነዳል፤ ሙስሊም ነው፤ ቀልድ ካልተናገረ ያመዋል። ሁለተኛው ዉድበሪ የሚኖር የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያ ይሠራል፤ ንዴቱ ቅርብ ነው። ሦስተኛው ጋሼ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ በአንድ የሽማግሌዎች ሕንጻ ብቻቸውን ይኖራሉ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ በሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዕቃ አጥቤ አዳሪ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የቀረውን መሥሪያ ቤቶች በነፃ ከሚያድሉት ጽሑፍ ለቅሜ ነው የተማርሁት። ለፍቼ ያገኘሁት ነገር ስለሆነ ሰው ሲሳሳት እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ጓደኞቼ «ሰባኪው» ይሉኛል። ስድብ ነው፤ ግን ተቀብዬዋለሁ።

የምንይዘው ዓሣ ሰንፊሽ ይባላል። መዳፍ የሚያህል፣ ጠፍጣፋ፣ ሆዱ ወደ ብርቱካን ቀለም የሚያደላ ዓሣ ነው። ላይሰንስ፣ ማለትም የማጥመጃ ፈቃድ፣ ያለው ሰው እስከ ሃያ ድረስ ይፈቀድለታል። ሃያ ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ቅርፊቱ ተገፎ፣ ሆዱ ተጠርጎ ሲጠበስ ግን የአንድ ቤተሰብ እራት ነው። እንግዳ ለመጥራት አይበቃም። ዕቁቡን ያመጣው ይህ ነው። በበጋው ወራት በየወሩ አንድ ቅዳሜ አብረን እንወጣና አራታችን የያዝነው ሁሉ ዕጣ ለወጣለት ሰው ይሄዳል፤ እሱም ወዳጅ ዘመድ ጠርቶ ያበላል። ሥጋ ቢሆን ኖሮ የማን ቢላዋ ባረከው የሚል ነገር ይመጣ ነበር፤ ዓሣ ግን የእስልምናም የክርስትናም ቢላዋ ስለማይጠይቅ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን።

ዘንድሮ የመጨረሻው ዕጣ የጋሼ ነበር። ባለፉት ዙሮች ተራቸው ሲደርስ፣ አንዴ ለዉድበሪው ሰው ልጅ ክርስትና፣ አንዴ ለእኔ እንግዶች አሳልፈው ሰጥተውናል። ዘንድሮ ግን፦ «አልሰጥም። እኔም ጉዳይ አለኝ» አሉ።

ጉዳያቸውን ያወቅሁት ቤታቸው ሄጄ ውኃ ልጠጣ ብርጭቆ ፍለጋ የማድ ቤት ቁም ሳጥናቸውን ስከፍት ነው። ሰሃን ሞልቶታል። የመስታወት፣ የሸክላ፣ አበባ የተሳለበት፣ ክዳን ያለው። አንዱም የእሳቸው አይደለም። ጎረቤቶቻቸው፣ የዚህ አገር አሮጊቶችና ሽማግሌዎች፣ ሲያማቸው ሾርባ፣ በበዓል ቀን ኬክ ያመጡላቸዋል። ጋሼ ምግብ መሥራት አያውቁም። ባዶ ዕቃ መመለስ ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ያጥቡና ያስቀምጣሉ።

«በአሳንሰር ውስጥ ሲያገኙኝ አንገቴን እደፋለሁ» አሉኝ። «የሰው ሰሃን ታቅፌ ልሞት ነው፣ ልጄ። በዕጣዬ ቀን ሁሉንም ጠርቼ፣ በየሰሃናቸው ዓሣ አቅርቤ፣ ከዕዳዬ እወጣለሁ።»

ከዚያ በሐይቁ ዳር ማስታወቂያ ተለጠፈ። መንግሥት በዚህ ሐይቅ ላይ ለአንድ ሰው የሚፈቀደውን የሰንፊሽ ቁጥር ከሃያ ወደ አምስት ሊያወርድ አስቧል፤ ሕዝቡም በስብሰባ ተገኝቶ ሐሳብ እንዲሰጥ ተጠርቷል።

«ከሃያ ወደ አምስት!» አለ የዉድበሪው ሰሌዳውን በጥፊ መትቶ። «ጀልባ ያለው ወደ ሰሜን ሄዶ ትልልቁን ያወጣል። ለዳር ቋሚ የቀረችው ይቺ ብቻ ናት። ከድሃ ጉሮሮ ነው የሚቀንሱት!»

«አንተ ደግሞ መቼ ነው ድሃ የሆንከው?» አለ የሜፕልዉዱ። «ሦስት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ ይዘህ?»

«የባንኩ ነው!»

«እንግዲያው ባንኩ መጥቶ ያጥምዳ።»

እኔ መቀነሱን ደግፌ ነበር። በሰንፊሽ ዘንድ ጎጆ የሚሠራው ወንዱ ነው። በጅራቱ አሸዋውን ቆፍሮ፣ እንቁላሉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የመጣበትን ሁሉ ይነክሳል፤ በዚህም የተነሣ መንጠቆ ቶሎ ይይዘዋል። ትልልቆቹ ጠባቂዎች ሲያልቁ ትንንሾቹ ሳያድጉ መራባት ይጀምራሉ፤ ሐይቁም በማይረቡ ጥቃቅን ይሞላል። ይህን አንብቤ ለጓደኞቼ አስረዳሁ፤ አባት የሌለበት ጎጆ መጨረሻው ይኸው ነው ብዬም ጨመርሁ።

«በሉ እንግዲህ፤ ሰው አልበቃው ብሎ ለዓሣም አባትነት ሊያስተምር ነው» አለ የሜፕልዉዱ።

ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማማን። ይቀነስ፤ ግን ጀልባ የሌለውን ሰው አስባችሁ አምስት ሳይሆን አሥር አድርጉት ብዬ በአራታችን ስም እንድናገር ተወሰነ። ንግግሬን ጽፌ ቤት ውስጥ ተለማመድሁ። እዚህ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ አለችኝ። በአማርኛ ብጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ከሶፋው ላይ ሆና ሰማችኝና፣ «አባዬ፣ ለአንድ ሰው የሚሰጡት ሁለት ደቂቃ ነው። አንተ እስካሁን አዳምና ሔዋን ላይ ነህ» አለችኝ። ተቆጣሁ። ከዚያ አዳምና ሔዋንን ሰረዝሁ።

ስብሰባው በአንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ነበር። አራታችን ከኋላ ተቀመጥን። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣች የዓሣ ባለሙያ ፊት ለፊት ቆማ በየተራ ታናግራለች። አንዱ፣ «ልጆቼ ዓሣ ማጥመድን የሚማሩት በሰንፊሽ ነው፣ ተዉልን» አለ። አንዷ አምስትም ይበዛል አለች። ከዚያ ጢሙ የሸበተ፣ ግዙፍ ባለጀልባ ተነሣ።

«እኔን ሃያው አይደለም የሚያናድደኝ» አለ። «ከዳር ሆነው ሰማንያ ዓሣ በአንድ መኪና ጭነው የሚሄዱ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። በወር በወሩ! መጀመሪያ ያለውን ሕግ አስከብሩ።»

ማንም ዞሮ አላየንም። ቢያዩን ይሻለኝ ነበር።

ባለሙያዋ፣ ዓሣውን የያዘው ማንም ይሁን ማን አንድ ሰው በመኪናውም ሆነ በፍሪጁ ከተፈቀደለት ቁጥር በላይ ማኖር አይችልም ብላ መለሰች። እኔ አራት ላይሰንስ፣ ሰማንያ ዓሣ፣ ሒሳቡ ልክ ነው እያልሁ ነበር የኖርሁት። ሕጉ ግን የሚቆጥረው ማን እንደያዘው ብቻ ሳይሆን በማን እጅ እንዳለም ነው።

«ተነሥ እንሂድ» አለኝ የዉድበሪው በሹክሹክታ። «ሲጠሩህ የለም ይባላል። አለቀ።»

ወዲያው ተጠራሁ። ወረቀቴን ወንበሩ ላይ ትቼ ወደ ፊት ሄድሁ።

«ሰማንያውን ዓሣ በአንድ መኪና የምንጭነው እኛ ነን» አልሁ። ስለ ዕቁብ በምችለው እንግሊዝኛ አስረዳሁ። አንዱ ሰው ብቻውን አይበላም፤ ሰው ይጠራበታል። ሕጉን የጣስነው ተደብቀን አይደለም፤ ይህ ሰው እንዳየን ማንም ያየን ነበር። ቢሆንም ጥሰናል።

ባለጀልባው ከተቀመጠበት፣ «ሎተሪ ነዋ!» አለ።

«አይደለም። በሎተሪ ብዙ ሰው ይከስርና አንድ ሰው ያገኛል። በዕቁብ ሁሉም ይደርሰዋል። የሚለየው ቀኑ ብቻ ነው።»

ጢሙን አሻሸ። «እሺ፣ አሁን ያልደረሰው ማን ነው?»

ይህን ጥያቄ ከእሱ አልጠበቅሁም። ወደ ጋሼ ጠቆምሁ። ጋሼ እንግሊዝኛው ግማሹ ገብቷቸው ግማሹ አልፏቸዋል፤ ሰው ሁሉ ሲያያቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ ነሡ። አንዳንዶች ሳቁ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም።

ባለሙያዋ አልሳቀችም። «እኔ የመጣሁት ለመቅጣት አይደለም» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ግን አላወቅንም ማለት አትችሉም።» አመሰገንኋት። ደቂቃዬም አለቀ። ስለ አምስቱና ስለ አሥሩ አንድ ቃል ሳልናገር ወረድሁ።

መኪና ውስጥ እንደገባን የዉድበሪው ፈነዳ። «አዋረድከን! ማን ጠየቀህ? ሰውዬው ስማችንን ጠራ? መኪናችንን ጠራ?»

«ዋሽቼ ስለ ሕግ ልናገር?»

«ዝም ማለት ውሸት ነው? ለአንተ መናገር ጽድቅ፣ ለእኛ ውርደት!»

የሜፕልዉዱ ይነዳል፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ አልቀለደም። ከኋላ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተዉ፣ አትጣሉ» አሉ። «ዕጣዬን ትቼዋለሁ።»

ዕቁብ የበላ ሰው የመጨረሻው ሳይደርሰው ካቆመ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ሦስታችን በልተናል። ያልበሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለልጄ ሕግ አክብሪ እያልሁ ስንት ጊዜ መክሬያታለሁ። ሕግ ማክበር ቀላል የሚሆነው ዋጋውን ሌላ ሰው ሲከፍልልህ እንደሆነ ግን ነግሬያት አላውቅም፤ እኔም ያወቅሁት በዚያ መኪና ውስጥ ነው። እውነቱን የተናገርሁት እኔ፤ ሒሳቡ የደረሰው በጋሼ ላይ።

ሮበርት ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ይዞን ሳለ የሜፕልዉዱ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ።

«እኔ የምለው» አለ። «ዓሣው ወደ ጋሼ መሄድ ካልቻለ እኛ ከነዓሣችን አንሄድም? እያንዳንዱ የራሱን አንጠልጥሎ ይግባ። እዚያው ይጠበስ፣ እዚያው ይበላ። ሆድ ውስጥ የገባ ሰንፊሽ ማን ይቆጥራል?»

«መጀመሪያ ይጠየቅ» አልሁ።

«ይኸ ሰው እኮ ፈቃድ ሳይጠይቅ ውኃ አይጠጣም!»

ጠየቅሁ። በማግስቱ ባለሙያዋ ጋ ደወልሁ። እያንዳንዱ የራሱን ከያዘ፣ በዚያው ዕለት ከተበላና በሽማግሌው ፍሪጅ ከድርሻቸው በላይ ካላደረ ችግር የለውም አለችኝ። ስልኩን ልትዘጋው ስትል፣ «ጎረቤቶቻቸው ስንት ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ ናቸው አልኋት። «እንግዲያው ይቅናችሁ» አለች።

ቅዳሜው መጣ። የዉድበሪው ከስብሰባው ወዲህ ስልኬን አላነሣም ነበር። ሦስታችን መንጠቆ መጣል ጀምረን ቆይተን እሱ ባልዲውን ይዞ መጣና ራቅ ብሎ ቆመ።

«ለጋሼ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ። «ለአንተ አይደለም።»

«ይበቃኛል» አልሁት።

ውኃው ለጋስ አልነበረም፤ ማንም ሃያ አልሞላም። እኔ ትልልቆቹን እየመለስሁ ነበርና ከሁሉም አነስሁ። በአራት ባልዲ፣ በአራት ላይሰንስ ወደ ዌስት ሴንት ፖል ሄድን። ልጄ መጥበሻና ዘይት ይዛ ቀድማን ደርሳለች። አብራን እንድትመጣ አልጠየቅኋትም፤ ራሷ ናት የሕንጻውን ኃላፊ አነጋግራ የጋራ ሳሎኑን ያስፈቀደችው። ጋሼ ሰሃኖቹን በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደርድረዋል። የትኛው የማን እንደሆነ አንድም አይስቱም፦ ይኸ የሾርባዋ፣ ይኸ የኬኩ፣ ይኸ ክዳኑ የተሰነጠቀው የዚያ ባለከዘራ ሰውዬ።

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ገቡ። እያንዳንዱ በገዛ ሰሃኑ ትኩስ ዓሣ ቀረበለት። አንዲት አሮጊት ሰሃኗን አገላብጣ አይታ፣ «የጠፋ መስሎኝ ሌላ ገዝቻለሁ!» ብላ ሳቀች።

ጋሼ ወደ ልጄ ዞሩ። «ባዶውን መመለስ አፍሬ ነው በያት።» ልጄ ተረጎመችላት። አሮጊቷ የጋሼን እጅ ይዛ ቆየች። ልጄ እኔ ወደምጠብስበት ተመልሳ መጣችና፣ «እኔ ከጓደኞቼ የወሰድኋቸው ሰሃኖች አሉ» አለችኝ፤ በአማርኛ።

ባለከዘራው ሰውዬ በድሮ ጊዜ ባለጀልባ ነበር። ስለ አዲሱ ሐሳብ ሰምቶ ኖሮ፣ «አምስት ብዙ ነው፤ ሦስት ይበቃል» አለ። የዉድበሪው ሹካውን አስቀመጠ። «አንተ ጀልባ ነበረህ! ጀልባ የሌለው ምን ይብላ?» አለው። ሰውዬው ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ። ድምፅ እየከረረ ሄደ። ለሁለቱም የምለው ነበረኝና አፌን ከፈትሁ።

ጋሼ ቀደሙኝ። ትሪውን እንደያዙ መሀላቸው ገቡ። ክፍሉ የሕንጻው ነው፤ በዚያን ቀን ግን የእሳቸው ቤት ነበር።

«በቤቴ ምግብ ቀርቦ ክርክር የለም!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እንዲህ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «ስብሰባ ሲጠሩ እዚያ ትነታረካላችሁ። አሁን ብላ! እሱንም ብላ በልልኝ።»

የዉድበሪው ፊቱን እንደቋጠረ ተረጎመለት። ሰውዬው ጋሼን ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ሰሃኑን ዘረጋ፣ ጋሼም አንድ ዓሣ ጨመሩለት።