የእማማ በረዶ ዐርባ ብልቃጦች

ታላቅ እህቴ በአንድ የእንስሳት ቤተ ሙከራ ውስጥ ለሃያ ስድስት ዓመት ናሙና ጠባቂ ሆና ኖራለች። ቀኑን ሙሉ ፍሪዘር ስትከፍትና ስትዘጋ ስለምትውል ባልደረቦቿ «እማማ በረዶ» ይሏታል። «በረዶ የያዘው ያንተ ጭንቅላት ነው» ብላ ትመልሳለች እንጂ ስሙን ወዳዋለች። ከሁሉም አብልጣ የምትሳሳላቸው፣ ከበጎች ሳንባ በየዓመቱ የተወሰደ ቫይረስ ያለባቸው ዐርባ ብልቃጦች ናቸው።

ዘንድሮ አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች። ይህ ቫይረስ የቅርብ ዘመዱ ከሆነ ሌላ ቫይረስ መቼ እንደተለየ ማወቅ ትፈልጋለች። እህቴ እንዳስረዳችኝ፣ ቫይረስ ሲራባ የገዛ ጽሑፉን ይገለብጣል፤ ገልባጭ ደግሞ ፊደል መግደፉ አይቀርም። የድሮውንና የዘንድሮውን ናሙና አስተያይተው ግድፈቱ በዓመት ስንት እንደሚጨምር ያገኛሉ። ከዚያ በሁለቱ ዘመዳሞች መካከል ያለውን ልዩነት በዚያ ፍጥነት ያሰሉና የተለያዩበትን ዘመን ይገምታሉ። ሞለኪውላዊ ሰዓት ይሉታል። ፈጣሪ ለዓይን በማይታይ ነገር ላይ እንኳ ዘመንን መጻፉ ገርሞኝ «ተመስገን» አልኩ።

ሰዓቱ ግን አልሠራ አለ። የቅርብ ዓመት የተጻፈባቸው አንዳንድ ናሙናዎች ከድሮዎቹ ያነሰ ግድፈት ተገኘባቸው።

«እማማ፣ ናሙናዎቹ ተበላሽተዋል፤ አርብ ሁሉንም እናቃጥላቸዋለን» አለቻት ዶክተሯ።

እህቴ በዚያው ቀን ቤቴ መጥታ ሻርፗን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። «ልጆቼን ሊያቃጥሉብኝ ነው!»

ባለቤቴ ልታጽናናት ሻይ አፍልታ፣ እህቴ ራሷ የሰጠችንን ማር አወጣች። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቀን አይታ «እትዬ፣ ይሄ ማር የዘንድሮ ነው እንዴ?» አለች።

«የለም፣ የካቻምና ነው። ቀኑ ጠርሙስ የቀየርኩበት…» አለችና በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች። «ወይኔ ጉዴ!»

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ፍሪዘሩ ሲበላሽ፣ ብልቃጣቸው የተሰነጠቀ ዐሥራ አንድ ናሙናዎችን በጥድፊያ ወደ አዲስ ብልቃጥ አዛውራ ነበር። እንደ ማሩ ሁሉ፣ አዲሶቹ ብልቃጦች ላይም የጻፈችው ያዛወረችበትን ቀን ነው። ናሙናው ከበጉ የተወሰደበት ትክክለኛው ቀን የቀረው በአሮጌዎቹ የመስክ ደብተሮች ላይ ብቻ ነበር። ጡረታ ልትወጣ ደግሞ አራት ወር ቀርቷታል።

«ዝም ብልስ?» አለችኝ።

«ይቃጠላሉ።»

«ብናገርስ?»

«ያሙሻል።»

«ይሙኝ!» አለች። «እኔ ልታማ፣ እነሱ ይትረፉ።»

በማግስቱ ደብተሮቹን ከቤተ ሙከራው ዕቃ ቤት ተሸክሜላት ገባን። «ልጄ፣ ጥፋቱ የናሙናዎቹ ሳይሆን የእጄ ነው» አለቻት። ዶክተሯ ፊቷ ጠቆረ፤ ግን ዐሥራ አንዱን ቀን አንድ በአንድ አስተካክላ ኮምፒውተሯ ላይ አስገባች። እኔ በልቤ እጸልያለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ናሙናዎቹን የሚወክሉት፣ ተበታትነው የነበሩት ነጥቦች ወደ አንድ መስመር ተሰበሰቡ።

«ስልሳ ዓመት!» አለች ዶክተሯ፣ ፊቷ እየፈካ። «ከተለያዩ ስልሳ ዓመት ገደማ ነው። ግምት ስለሆነ ከሃምሳ እስከ ሰባ አምስት እንላለን።»

«ልክ እንደኔ ዕድሜ» አለች እህቴ። «እኔም ለሰው የምናገረው በግምት ነው።»

ዶክተሯ ሳቋ አመለጣት። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ግን አልሳቀም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላት። እህቴ ፈርማ ተቀበለችና አርብ ዕለት ለመቃጠል ተለይተው የነበሩትን ዐርባ ብልቃጦች ራሷ ወደ ቀድሞ ፍሪዘራቸው መለሰች። አንድ ባልደረባዋ «እማማ በረዶ፣ ላግዝሽ?» ቢላት «እጅህን ሰብስብ!» አለችው።