መስታወት ውስጥ የገባው ጃንጥላ

የምሥራች። «ምሥር ብዪ» በሉኝና ልቀጥል፤ ሹመት ተሰጠ፣ ቁልፍም ተሰጠ። ተሿሚው ልዑልቃል ነው፤ እኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በሆንኩበት ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምረው።

ልዑልቃል ያደገው ቀሐ፣ ከጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ነው። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ እሱ ግን ልጅ እያለ ከዜማው ይልቅ በጥምቀት የሚዘረጉትን ጃንጥላዎች ሲያይ ነበር የሚውለው። መምህር ከሆነ በኋላ ከገበያ ያረጀ ጃንጥላ ገዛ፤ ጨርቁን ገፎ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አለበሰው፤ ጫፉን ወደ ታች ገልብጦ በእንጨት እግር አቆመው። ተማሪዎቹ ከፈት አጠፍ እያደረጉ ገብስ ይሞሉበታል። ሲታጠፍ ምንም አይዝም፤ ጨርሶ ሲዘረጋም ጠፍጣፋ ሆኖ ሁሉን ያፈሰዋል። መካከል ላይ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚይዝበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ጥቂት ቢከፍቱት ጥቂት ቢያጥፉት የሚይዘው ያው ነው ማለት ይቻላል። «ለውጡ ዜሮ የሚሆነው እዚህ ነው፤ በካልኩለስ የምንፈልገው ይኸንን ቦታ ነው» ይላቸዋል። በዚህ ዕድሜዬ ለኔ እንኳ ገባኝ።

ታዲያ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ እንግዶች መጥተው ጃንጥላውን አደነቁ። ወዲያው ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ተሠራና ጃንጥላው ገባ፤ ተቆለፈበት። «በእጅ መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍም ተለጠፈ።

ልዑልቃል ንብረት ክፍል ሄደ። «አያ ገብረ ኪዳን፣ ለክፍለ ጊዜዬ ይክፈቱልኝ።»

«ንብረት ነው። ቢሰበር ማን ይጠየቃል?»

«ልጆቹ ካልነኩት ምን ይረባል?»

«ምነው የኔታ፣ ታቦት በእጅ ይነካል? ከሩቅ ይሳለሙት።»

ልዑልቃል ሌላ ጃንጥላ ሠራ። ርእሰ መምህሩ «ጥንድ ሲሆን ያምራል» ብለው ከመጀመሪያው ጎን አስቆሙት። ከዚያ ወዲያ አልሞከረም። ልጆቹም አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው የጃንጥላውን መልክ ደብተራቸው ላይ ይሥሉ ጀመር። ፈተና ላይ ጃንጥላውን አሳምረው ሣሉት፤ መልሱን አጡት።

ዛሬ ጠዋት የማሳያ ክፍል ኃላፊ ተብሎ ተሾመ። ክፍለ ጊዜዎቹ ለስፖርት መምህሩ ተሰጡ።

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩት።

ቁልፉን በመዳፉ ላይ አገላበጠ። «አሁን ለማን ልክፈተው፣ እትዬ?»

«ለጎረቤቴ ለሽታዬ ልጅ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ከነጓደኞቿ ትምጣ።»

«ለእንግዳ ብቻ ነው የተፈቀደው።»

«እንግዳ ማለት ማን እንደሆነ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም። ከሰዓት በኋላ ይምጡ። ገብሱንም መጋዘን ቆልፈውበታል፣ ከቤታቸው ይያዙ። ነገ ደግሞ እንግዳ ማለት ማን እንደሆነ ይጽፉና ይከለክሉናል።»

እንግዲህ ልነሣ፤ ገብሱን ለልጇ እንድትሰጣት ሽታዬ ገበያ ሳትወጣ ልድረስባት።