የዶክቶራ ዐለዊያ የቅርብ ሰው

ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም ይባላል። ዶክቶራ ዐለዊያ አልሞተችም፤ አልሄደችምም። ጦርነቱ ካርቱምን ወና ሲያደርጋት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሹን አውቶቡስ ላይ ጭኖ ወደ ካይሮና ወደ ፖርት ሱዳን ሲነጉድ፣ እሷ አርካዊት ሰፈር በሚገኘው የእናቷ ቤት በሯን ዘግታ ተቀመጠች። ለምን ቀረሽ ብሎ የጠየቃት የለም፤ የሚጠይቅ ሰው አልቀረማ። ቢጠይቃት መልሷ አጭር ነበር፤ ለማቀዝቀዣው ብዬ ነው ትለው ነበር።

ማቀዝቀዣው ያለው በምትሠራበት የምርምር ተቋም ነው። ውስጡ ዕድሜዋን ሙሉ የሰበሰበችው የግመል ደም ነበር፤ ከቡጣና ሜዳ እረኛውን እየለመነች፣ ግመሉን እያባበለች ያመጣችው። ከግመል ወተት ወደ ሰው እየተሻገረ አጥንት የሚያነድ ትኩሳት አለ። የእሷ ሥራ የሚሻገርበትን መንገድ መፈለግ ነበር። የከብት ሐኪሞቹ «ይሄ የሰው በሽታ ነው» ይሏታል፤ የሰው ሐኪሞቹ ደግሞ «አንቺ የግመል ሐኪም ነሽ» ይሏታል። በሁለቱ መካከል ስትመላለስ አረጀች። የፕሮፌሰርነት ጥያቄዋም ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ አብሯት አረጀ። መብራት የጠፋ ሰሞን በረዶው ቀለጠ፣ ደሙም ሁሉ ተበላሸ። ያን ቀን እናቷ ስትሞት እንኳ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች።

እናቷ ወሰንየለሽ ከጎንደር መጥታ ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ሴት ነበረች። ሱዳናዊ የውሃ ቦቴ ሹፌር አግብታ ይቺን አንዲት ልጅ አሳደገች። ያወረሰቻት አማርኛ የጓዳ አማርኛ ነው፤ መቆጫና ማባበያ። ዐለዊያ ስለ ደም ምርመራ በአማርኛ ሁለት ቃል አገናኝታ መናገር አትችልም። ግመል ግን በአማርኛ ታባብላለች። መርፌውን ከመውጋቷ በፊት አንገቱን እየዳበሰች «አይዞህ፣ አይዞህ» ትለዋለች። ተማሪዎቿ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ ግመሉ በእውነት ጸጥ ሲል አዩና ሳቁን ተዉት። ናዲር የሚባለው፣ ዘወትር ገመድ የሚይዝላት ተማሪ፣ ምን ማለት ነው ብሎ ቢጠይቃት «መድኃኒት ነው፤ ለግመል ብቻ ግን አይደለም» አለችው።

ዐለዊያ የሞተችው በወሬ ነው። ሰፈሯ ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። የሸሸ ጎረቤት መንደሩ ሲጨስ አይቶ፣ ያየውንም ያላየውንም ካይሮ ገብቶ አወራ። ስልኳ ቀድሞ ተዘርፏል፤ ኔትወርክም የለ። ደውለው አጧት፣ አጥተው አለቀሱ፣ አልቅሰውም ለሟች የሚደረሰውን ጸሎት፣ ፋቲሓ፣ ቀሩላት። እዚያ ለቅሶዋ ተደምድሞ፣ እሷ እዚህ ምስሯን ትለቅማለች።

ጦርነቱ ከከተማዋ ፈቀቅ ብሎ ሰው አንድ ሁለት እያለ መመለስ ሲጀምር፣ አንድ ረፋድ በሯ ተንኳኳ። የእናቷን ቶብ፣ ያን የሱዳን ሴቶች ረጅም መከናነቢያ፣ ተከናንባ ከፈተች። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ቆሟል። ዛኪር ይባላል፤ የጤናና የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎችን ለማመስገን የተቋቋመ ኮሚቴ ልኮት ነው።

«ሰላም ዐለይኩም ኻልቲ፣ አክስቴ። የሟቿ፣ የመርሑማ ዶክቶራ ዐለዊያ ቤት ይሄ ነው?»

«ነው።»

«ቤተሰቧ ነዎት?»

ሳቋ መጣ። እኔው ነኝ፣ ግባ ልትለው አፏን ስትከፍት፣ ዛኪር ቀጠለ። ሟቿ እንዴት ያለች ተመራማሪ እንደነበረች፣ ስንት ሰው ከትኩሳት እንዳዳነች፣ አገር እንዴት እንደተጎዳባት፣ በሩ ላይ እንደቆመ ላቡን እየጠረገ ነገራት። ዐለዊያ ስለ ራሷ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ሰው ሲያሞግስ ማቋረጥ ደግሞ ነውር ነው።

«ፕሮፌሰርነቷም ጸድቆላታል» አለ በመጨረሻ።

«ለሞተች ሴት?»

«ለክብሯ ነዋ ኻልቲ። ሽልማቱን የሚቀበል ሰው ብናገኝ ብለን ነው።»

«የቅርብ ሰዋ ነኝ» አለች ዐለዊያ። «እመጣለሁ።»

በሩን ስትዘጋ ሳቋ ደረቀ። አለሁ ብትለው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ግን መኖሯን እንደ ማመልከቻ ማቅረብ አስጠላት። ሌላም ነገር ነበር፤ ትንሽ ያሳፍራል። አዳራሹ ውስጥ ስትገባ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ሳትናገር አይቷት «ይቺማ እሷ ናት» እንዲል ፈለገች። ይህን ያህል ዘመን ከሰው ጋር የሠራ ሰው አንድ የሚያውቀው ዐይን አያጣም ብላ ተስፋ አደረገች። ካጣም፣ እንግዲህ ዛኪር ያመጣው ወሬ እውነት ነው ማለት ነው።

በሽልማቱ ቀን የወሰዳት ሻምበል ነው። ሻምበል ስሙ እንጂ ማዕረጉ አይደለም፤ እሷ ለምና ያጣችውን ማዕረግ እሱ ክርስትና ሲነሳ አግኝቶታል። አል-ማንሺያ ሰፈር ውስጥ ባለቤቶቹ የሸሹበትን ቪላ የሚጠብቅ ጎልማሳ ኢትዮጵያዊ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በካሮ፣ በአህያ ጋሪው ማለት ነው፣ ሰፈር ለሰፈር ውሃ ሲያድል፣ የአህያውን የጀርባ ቁስል ያከመችለት እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ የሚያወሩት ስለ አህያው ብቻ ነው። ከሱ ሌላ የሚያናግራት ሰው የሌለባቸው ሳምንታት ነበሩ።

«ዛሬስ ዘንጠዋል ዶክቶራ! ወዴት ነው?»

«ተክሪም አለ። ምስጋና።»

«የማን?»

«የአንድ ሴት። አውቃታለሁ።»

«ማሻአላህ። ያላ፣ ይውጡ እንግዲህ፤ ካሮውን ጠርጌዋለሁ።»

ዐማራት ያለው አዳራሽ መስታወቱ ረግፎ መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኗል። የፊተኛው ረድፍ ለሟቾች ቤተሰብ ነው። በሕይወት ላሉ ተመራማሪዎች የተያዘ ረድፍ አልነበረም። ከጎኗ ሰማሕ የምትባል የአንድ ሐኪም ሚስት ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«አንቺስ፣ ሟቿ ምንሽ ናት?» አለቻት እንባዋን እየጠረገች።

«ከኔ የሚቀርባት አልነበረም» አለች ዐለዊያ።

እንግዳው እየገባ ቤተሰቡን ያጽናናል። አብዱልወሃብ መጣ፤ ቤተ ሙከራቸውን አንድ ግድግዳ ብቻ ይለየው የነበረ፣ በየቀኑ ስኳሯን እየተበደረ ሻይ የጠጣ ሰው። እጇን ጨበጠ፣ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ፣ «አላህ ያጽናችሁ» ብሎ አለፈ። መቼም አልፈረደችበትም። ጦርነቱ አክስቷት ግማሽ ሰውነቷን ወስዷል፤ መነጽሯ ከሌላ ሰው የተገኘ ነው፤ በቶብ አይቷት አያውቅም። ደግሞስ ሐዘንተኛን ማን ፊቱን አተኩሮ ያያል። ይህን ሁሉ ለራሷ እየነገረች ጀርባውን በዐይኗ ተከተለችው።

መድረኩን የሚመራው ናዲር ነበር። አሁን እሱም ዶክተር ሆኗል፤ ሸብቷል። ተስፋዋ ሁሉ ወደሱ ዞረ። የእሷ ተራ ሲደርስ ታሪኳን አነበበ፤ ያደረገችው አልቀረም፣ ያላደረገችውም ተጨምሮበታል። «ቤተሰቧ ይምጣ» ተባለ። ወጣች። ሰሌዳውን፣ በእንጨት ላይ የተመታ ቢጫ ነሐስ፣ አቀበላት፤ ዐይኑ ግን ካሜራው ላይ ነው። ፎቶው ሲያልቅ ጎንበስ አለና «ትመስያታለሽ። እንደ እናቴ ነበረች» አላት።

ዐለዊያ ያን ጊዜ ቆረጠች። ሰሌዳዬን ይዤ ቤቴ ልግባ፣ ሞቻለሁ አለች በልቧ። ሕዝቡ ለፋቲሓ መዳፉን ዘረጋ። እሷም ሰሌዳውን በብብቷ ይዛ፣ ምን ታድርግ፣ ለራሷ መዳፏን ዘረጋች።

ናዲር ከፋቲሓው በኋላ አንድ ነገር ልንገራችሁ ብሎ ጀመረ። «ግመሉን አንገቱን ይዛ…» ሲል ድምፁ ተሰበረ። እንደገና ሞከረ፣ አልሆነለትም። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዐለዊያ አጠገቡ ናት። ናዲር ተማሪ ሳለ ገመዱን ይዞ ሲፈራ ታደርግ እንደነበረው እጇ ሳታዝዘው ወደ ትከሻው ሄደ።

«አይዞህ» አለችው። «አይዞህ።»

ማይክሮፎኑ ቃሉን ይዞ አዳራሹን ሞላው። ከአድማጩ ብዙው ምን እንደተባለ አልገባውም። ከኋላ በር ላይ የቆመው ሻምበል በገዛ ቋንቋው ሲጠሩት የሰማ መስሎት «አቤት!» አለ። ናዲር ቀስ ብሎ ዞረ፤ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አተኩሮ አየ።

«ዶክቶራ?»

የዚያን ዕለት አዳራሽ የነበረ ሰው እስካሁን ያወራዋል። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት፤ አብዱልወሃብ «ወላሂ፣ ወላሂ» እያለ ወንበሩን ገለበጠ፤ ስታለቅስ የነበረችው ሰማሕ ሳቀች፣ ወዲያው ግን የራሷ ሟች አለመነሳቱ ትዝ ብሏት የባሰ አለቀሰች። ናዲር የዐለዊያን እጅ ይዞ አለቅም አለ።

«ለምን አልደወልሽም?»

«ቁጥርህ በተዘረፈው ስልክ ውስጥ ነው። አንተስ በሬን ለምን አላንኳኳህም?»

ናዲር ሰዓቱን አየ። ከሰዓት በኋላ ወደ ፖርት ሱዳን ተመላሽ ነው፤ ሁሉም ተመላሽ ነው። አዲሱን ቁጥሯን ተቀበሉ፣ እየሳሟት በየመኪናቸው ገቡ። በመጨረሻ ዛኪር አፍሮ ቀረበ። የፕሮፌሰርነቱ ውሳኔ ለሟች የተሰጠ ስለሆነ ነገሩ እንደገና መታየት ይኖርበታል አላት። ሰሌዳውንም ጽሑፉ እንዲታረም ይዞት ሊሄድ እጁን ዘረጋ። ዐለዊያ አልሰጥም አለች።

ዐማራትን አልፈው ወደ አርካዊት ሲያቀኑ መንገዱ ጭር ያለ ነበር። ሻምበል ከአሁን አሁን ትነግረኛለች ብሎ ሲጠብቅ ቆየና አላስችል አለው።

«ዶክቶራ፣ እዚያ ነገር ላይ ምን ይላል?»

«ፕሮፌሰር ዐለዊያ፣ ነፍስ ይማር፣ ይላል።»

ሻምበል አህያውን ቀጥ አደረገው። «በስመ አብ! ይመልሱላቸዋ። ይፋቁት፣ ያስተካክሉት!»

«ተወው» አለች ዐለዊያ በዚያ በጓዳ አማርኛዋ፣ ሰሌዳውን በቶቧ ጫፍ እየወለወለች። «አንድ ቀን እውነት ይሆናል። ያን ቀን ማን አለ የሚጽፍልኝ?»

ሻምበል ጅራፉን ሳያነሳ አህያውን «ያላ» አለው፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ።