በጆንያ ክር የተሰፋ መብራት

እህቴ ልታገባ አሥር ቀን ሲቀራት ጠርታ አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ፤ «የኦርጋንህን መብራት ካላሠራህ ዲጄ አመጣለሁ።» መተማ ዮሐንስ ውስጥ ሠርግ በመጫወት የሚታወቅ ሰው በገዛ እህቱ ሠርግ ቁጭ ብሎ ዲጄ ሲሰማ ከዋለ በኋላ በየትኛው ፊቱ ገበያ ይወጣል?

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኔ ነበር። ኦርጋኗ አሮጌ ናት፤ በዕድሜ ብዙም አንበላለጥም። ድምጿ አሁንም ማር ነው፤ የስክሪኗ መብራት ግን ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ውስጧ የተጫኑት የዘፈን ምቶች ዝርዝር የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ፀሐይ ላይ አውጥቼ ካዘነበልኳት ትንሽ ትነበባለች፤ ድንኳን ውስጥ ግን ጥቁር መስታወት ናት። ስለዚህ ምቶቹን በቁጥር ሸመደድኳቸው። ለሙሽራ ስንብት ቁልፉን ሦስት ጊዜ ወደ ታች መጫን፣ ለእስክስታ አራት ጊዜ።

ሽንፋ ከተማ በተጫወትኩበት ሠርግ አንዲት ሙሽራ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ አንድ ጊዜ አብልጬ ተጫንኩና እስክስታው ፈነዳ። የሙሽራዋ አጎት እንባው ሳይደርቅ ትከሻውን መስበቅ ጀመረ። እህቴም እዚያው ነበረች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቤት ስንገባ ግን ኮስተር ብላ «በእኔ ሠርግ እንዲህ ብታደርግ ዕድሜ ልኬን ይቅር አልልህም» አለችኝ።

ጉምሩክ የሚጠብቁ የጭነት መኪኖች ከሚሰለፉበት አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሐጂ አሉ። ኦርጋኗን ተሸክሜ ደጃቸው ስደርስ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «ምን አገኛት?» አሉ።

«ሐጂ፣ አንቱ ካላዳኑኝ እህቴ ዲጄ ልታመጣ ነው።»

ሳቃቸውን እየዋጡ ብሎኖቹን ፈቱ። ከስክሪኑ መስታወት ጀርባ ወረቀት የመሰለ ስስ ነገር አወጡ፤ ቢጫ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ተቀርፏል። ለካ መብራት የተባለው እሱ ኖሯል። «ይኼ ኸላስ፣ ሞቷል» አሉ። «እንዲህ ያለው አሁን ከየትም አይመጣም።» ቀጥለው ከመሳቢያቸው ባጃጆች ለጌጥ የሚለጥፉትን ጥብጣብ መብራት መዘዙ። ነጩን የባጃጅ ነጂዎች ጨርሰውታል፤ የቀረው አረንጓዴ ብቻ ነው። ከአረንጓዴው የጣት ርዝመት ያህል ቆርጠው ሁለት ቀጭን ሽቦ በየዱለትና ከኦርጋኗ ጋር አያያዙት። እኔ በደስታ የጥብጣቡን ማጣበቂያ ሽፋን ልልጥ ስል እጄን ያዙኝ።

«እሱን እርሳው። ጎንደር ቢሆን ይይዛል፤ የኛ ሙቀት ሲያገኘው ግን ቀልጦ ይወርዳል። መሰፋት አለበት።»

«ማን ይሰፋዋል?»

«የእህትህ ሥራ ምንድን ነው?»

እህቴ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሰፊ ናት። ሆዷ የተከፈተ ኦርጋን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በባጃጅ በረርኩ። መንገድ ላይ ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር አንዳች ነገር ውስጧ ይንኳኳል፤ እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ለብቻዬ እስቃለሁ።

እህቴ ወስፌዋን እንደያዘች መጣች። ነገሩን ካስረዳኋት በኋላ «ይኼንማ ዓይኔን ጨፍኜ» አለች።

«እባክሽ እንዳትጨፍኚ።»

በስክሪኑ ዙሪያ ባሉት የብሎን ቀዳዳዎች ክሩን አስገብታ አወጣችው። ሁለቴ ቋጠረች፣ ትራፊውን በጥርሷ በጠሰች፣ የሞላ ጆንያ እንደምትመታው ኦርጋኗን በመዳፏ መታ አደረገቻት። የመጋዘኑ ሚዛን አጠገብ ያለው ሶኬት ላይ ሰክቼ አበራሁ። ስክሪኑ ጭልም እንዳለ ቀረ። በቁልፎቹ መካከል ግን፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አረንጓዴ ብርሃን ወጣ።

ለካ የጆንያ አፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው የሚሰፋው። እጇ የለመደውን አድርጓል፤ የመብራቱን ፊት ወደ ኦርጋኗ ሆድ አዙራ ሰፍታዋለች። ይህን ስታውቅ ሰሊጡ ላይ ተዘርግታ ሳቀች። ጆንያ ሰፊዎቹ ሁሉ ወስፌያቸውን ጥለው መጡ። ክብሩ ጣት በምታህል መብራት ላይ የተንጠለጠለው ሰውዬ፣ እኔ፣ ስቅታ እስኪይዘኝ ሳቅሁ።

ፈትታ እንደገና ሰፋችው። ሁለተኛ ስናበራ ስክሪኑ ቦግ አለ። ዓመት ሙሉ አጥርቼ ያላየኋቸው የምት ስሞች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ከሩቅ አገር የመጡ ዘመዶች ይመስል አንድ በአንድ ጮክ ብዬ እየጠራሁ አነበብኳቸው። አላስችል ብሎኝ እስክስታውን ለቀቅኩት። ጫኝና አውራጆቹ ጆንያ ከትከሻቸው ሳያወርዱ ተወዛወዙ፤ የመጋዘኑ ኃላፊም ለመቆጣት መጥተው ሳይቆጡ ሄዱ። እህቴ «ዲጄው ቀርቷል» አለች። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የሠርጉ ቀን ድንኳኑ ውስጥ እንደ ንጉሥ ተቀመጥኩ። ሁሉንም አያለሁ፤ የማየውንም እጫወታለሁ። የስንብቱ ሰዓት ደረሰ። እህቴ የእናታችንን ጉልበት ስማ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ያኔ ዓይኔ ሞላ። አረንጓዴው፣ ጽሑፉ፣ ቬሎው ሁሉ ተቀላቀለብኝ። እንባዬን ልጠርግ ብል እጆቼ ሥራ ላይ ናቸው። እንደ ድሮው መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጣቴ ግን አንድ ጨምራ አራት አለች።

እስክስታው ፈነዳ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናታችን ቀና አሉ። እህቴ ፊቷ እንደረጠበ ዞር ብላ አየችኝ፤ ብዙ አየችኝ። ከዚያ አንደኛው ትከሻዋ ነቅነቅ አለ። ቀጥሎ ሌላኛው። እናታችን እልል አሉ፣ ድንኳኑ በሙሉ ተነሣ፣ እህቴም ቬሎዋን ሰብስባ እየጨፈረች ወደ መኪናው ሄደች።

ከመግባቷ በፊት ተመልሳ መጥታ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች። «ለጠየቀህ ሁሉ መብራቱ ተበላሽቶብኝ ነው በል» አለችኝ። ስክሪኑ በሰው ሁሉ ፊት አረንጓዴ እንደሆነ ቦግ ብሎ ይበራ ነበር።